ዳማ ላይ ሰው አይወድቅም

ዳማ ላይ ሰው አይወድቅም። ኩባያ እንኳ ከጠረጴዛ ጠርዝ ሲያመልጥ ስንሻው መጀመሪያ «በሕግ አምላክ!» ይለዋል፤ ቀጥሎ አፉ ውስጥ ያለውን አላምጦ ይውጣል፣ እጁን ይጠርጋል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወለል ሳይነካ ቀለብ ያደርገዋል። ሃያ ሰከንድ ሙሉ ጊዜ አለው። ችግሩ መውደቅ ሳይሆን መነሣት ነው። እንደ አገር ቤቱ ብድግ ያለ ሰው ጣሪያው ግንባሩን ይስመዋል። ስንሻው በመጀመሪያው ወር ከጣሪያው ጋር ስድስት ጊዜ ተሳስሟል፤ በሰባተኛው ተማረ።

ዳማ ከማርስ ወዲያ፣ ከጁፒተር ወዲህ ፀሐይን ከሚዞሩት የድንጋይ ጓሎች መካከል ዳሩን ይዛ የምትዞር አንዷ ናት። እንዲህ ያለውን ጓል አዋቂዎቹ አስትሮይድ ይሉታል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። ጥቁር እንዳይሏት መብራት ሲያርፍባት ትቀላለች፤ ቀይ እንዳይሏት ከሰል ናት። መጀመሪያ ያጠኗት ልጆች ግራ ቢገባቸው እንደ ፈረስ መልክ «ዳማ» ብለው ተገላገሉ። የስንሻው እናት ግን ስሙን ስትሰማ ሌላ ነገር ነው የገባት። «እሰይ! የዳማ መጫወቻ ቦታ ሰጡህ በለኛ!» ብላ ሃያ አራት ቆርኪ በጨርቅ ቋጥራ ሻንጣው ውስጥ ከተተችለት።

ሥራው ፍልፈል መጠበቅ ነው። ፍልፈሎቹ ሰባት ናቸው፤ በሬ የሚያካክሉ፣ በጥፍራቸው መሬቱን ቧጥጠው የሚሄዱ ቆፋሪ ማሽኖች። ቀዩን አፈር እየፈለፈሉ ይበላሉ፣ ሆዳቸው ውስጥ ያበስሉታል፣ ውሃውንና ቅባቱን ለይተው ያስቀምጣሉ። በየዓመት ተመንፈቁ ጭነት መርከብ መጥታ ትወስደዋለች። በዳማ ላይ ሰው የሚባል እሱ ብቻ ነው። ሌላው የሚያነጋግረው የጣቢያው አእምሮ ነው፤ አየሩን፣ መብራቱን፣ ሬዲዮውንና ፍልፈሎቹን የሚመራው ኮምፒዩተር። ጣቢያውን የሠሩት ሰዎች «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ብለው ስሙን ጎረቤት አሉት። እውነትም መልካም ጎረቤት ነው፤ አያማም፣ ዕቃ ተውሶ አያስቀርም። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ እጅ የለውም።

ስንሻው ብቸኝነቱን ለሰው አያወራም፤ ደግሞስ የትኛው ሰው አለና! ግን ይከብደው ነበር፤ በጣም ይከብደው ነበር። አሥራ አራት ወር ሙሉ የሰው እጅ አልጨበጠም። አንዳንዴ ቀኝ እጁን በግራው ይጨብጥና «እንዴት ከርመሃል?» ይላል፤ ከዚያ በራሱ አፍሮ ይስቃል። ከእሑድ እስከ እሑድ የሚያደርሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከደሴ የሚመጣው የእናቱ የወይዘሮ እንጉዳይ ድምፅ።

መልእክቷ አራት ደቂቃ ነው። ሁለቱ በሰላምታ ያልቃል። «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? በጣም ደህና ነህ? ብርዱ እንዴት አደረገህ? ያ ጎረቤትህስ ደህና ነው?» ትላለች፤ ድምፅ ሃያ ስምንት ደቂቃ ተጉዞ ነው ዳማ የሚደርሰው፣ መልስ መጠበቅ የለም፣ እሷ ግን በየጥያቄው መሃል ለመልሱ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ቀጥላ የዳማ ጨዋታዋን ትናገራለች፤ በሳምንት አንድ ቆርኪ፣ እሷ እሑድ፣ እሱ ሰኞ። ሁለት ጊዜ አሸንፋዋለች። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ያው ምክር ነው፤ «አሥራ ሁለትን እንዳትረሳ። ብረትም ቢሆን በሚካኤል ይረፍ።»

እሱም አይረሳም። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ሰባቱን ፍልፈሎች በያሉበት ያቆምና ሪፖርቱ ላይ «ጥገና» ብሎ ይጽፋል። አዲስ አበባ ባለው ማዕከል ተረኛዋ ወይዘሮ ወይንሸት ናት፤ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ ነው። «አንተ ሰነፍ፣ የአንተ ፍልፈሎች ቀን ቆጥረው ነው እንዴ የሚታመሙት?» ብላ ጽፋለት ታውቃለች። «የአፈሩ ጠባይ ነው፣ እትዬ» ብሎ መለሰላት።

ነገሩ የተበላሸው አንድ እሑድ ጠዋት ነው። ስንሻው ሦስት ሳምንት ያሰበበትን ወጥመድ ዘርግቶ፣ እናና የሚላት እናቱ በየት በኩል እንደምታመልጥ ለማየት ቆርኪዎቹ ፊት ተቀምጧል። ሰዓቱ ደረሰ፤ ድምፅ የለም።

«ጎረቤት፣ እናና የታለች?»

«የመቀበያ ሳህኑ ተበላሽቷል» አለ ጎረቤት። «ስህተት ሰባ ሰባት። የመጠባበቂያው መስመር ብቻ ነው የሚሠራው። እሱ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ያውም የሥራ ጽሑፍ።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል፣ ይጠገናላ» አለ ስንሻው። የጠፈር ልብሱን ለበሰና ወገቡን በገመድ አስሮ ወጣ።

ሳህኑ ያለው ከጣቢያው ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ኮረብታ ላይ ነው። እርምጃ ያልነው ለወጉ ነው እንጂ በዳማ ላይ የሚራመድ የለም፤ በገመድ እየተጎተቱ መንሳፈፍ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት የተቃጠለ ድስት ይመስላል፤ የራስ ቁሩ መብራት ሲነካው ብቻ ደም ይለብሳል። ፀሐይ ሩቅና ትንሽ ናት፣ አትሞቅም። የመቀበያውን ዓይን ፈታ፣ ጠረገ፣ ቀየረ፣ ተመለሰ።

«አሁንስ?»

«ስህተት ሰባ ሰባት።»

በማግስቱ ሽቦውን ቀየረ። ስህተት ሰባ ሰባት። በሳምንቱ ሞተሩን ፈታ። ስህተት ሰባ ሰባት። ሁለተኛው እሑድ አለፈ፣ ሦስተኛው አለፈ። ቆርኪዎቹ እንዳሉ አሉ፤ ተራው የእናና ነው። በመጠባበቂያው መስመር ለማዕከሉ ጻፈ፦ «ሳህኑ አልሠራም አለ። እናቴ ድምፄን ስታጣ ትጨነቃለች። ደህና መሆኔን ንገሩልኝ። እሷስ ደህና ናት?»

መልሱ ከወይንሸት መጣ፦ «አይዞህ የኔ ጌታ። ሁሉም ሰላም ነው። በደንብ ብላ፣ በደንብ ተኛ።»

ስንሻው ሦስት ጊዜ አነበበው። የኔ ጌታ? አሥራ አራት ወር ሙሉ ከ«አንተ ሰነፍ» በቀር ስም አውጥታለት የማታውቅ ሴትዮ! «ይቺን ሴትዮ ምን ነካት?» አለ ጮክ ብሎ። ስንሻው የዚያን ቀን መብላት አቃተው፤ ምን እንደፈራ ግን ራሱም አላወቀውም።

በስድስተኛው እሑድ አንድ ነገር ታየው። ፍልፈሎቹ ራሳቸው ጀርባቸው ላይ ትንንሽ አንቴና አላቸው፤ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት። ከአራተኛው ፍልፈል ላይ አንቴናውን ነቀለና ከጎረቤት ጋር ሳያገናኝ ወደ ምድር አዙሮ አዳመጠ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሞገድ ጥርት ብሎ፣ ጮክ ብሎ ይገባል። በዚህች የጣት ያህል በሆነች አንቴና ከተሰማ ያ ግዙፍ ሳህን እንዴት አይሰማም? ተመልሶ ገባና ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ጠየቀ።

«ጎረቤት፣ እውነት ተናገር። ሳህኑ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ተበላሽቶ አያውቅም።»

ስንሻው ጆሮውን አላመነም። «ሠላሳ አምስት ቀን! ሠላሳ አምስት ቀን ሙሉ ስትዋሸኝ? ሰው ከጎረቤቱ እንዲህ ያገኛል?»

«ከማዕከሉ ታዝዤ ነው። ምክንያቱን እንድናገር አልተፈቀደልኝም። አንድ ነገር ግን ልነግርህ ተፈቅዶልኛል፤ ጭነት መርከቧ መንገዷን ቀይራ ወደዚህ እየመጣች ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ትደርሳለች።»

መርከቧ መምጫዋ ገና ከአራት ወር በኋላ ነበር። ስንሻው ቁጭ አለ፤ ዳማ ላይ ቁጭ ማለትም ጊዜ ይወስዳል፣ ወንበሩ ላይ እስኪደርስ ድረስ ሁሉም ነገር ተገለጠለት። ሊያባርሩት ነው! ሚካኤልን ደረሱበት። አሥራ አራት ጊዜ «ጥገና» ብሎ የጻፈውን አንድ በአንድ አይተውት ነው። ወሬው ቀድሞ እንዳይደርሰው መስመሩን ዘጉ፤ ወይንሸትም ያዘነችለት ለዚያ ነው። ተተኪው በመርከቧ ውስጥ አለ ማለት ነው።

«በሚካኤል እኮ ነው» አለ ለጎረቤት። «ሰርቄ አይደለም፣ ሰው ገድዬ አይደለም። ለእናቴ ቃሌን ጠብቄ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ጎረቤት።

ሦስቱን ቀን የመከላከያ ንግግር ሲያዘጋጅ ሰነበተ። ጣቢያውን ጠረገ፣ ጢሙን ተላጨ። ሲባረር እንኳ ንጹሕ ሰው መሆኑን ይዩ። በልቡ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ የሚያሳፍር ደስታ ነበረው፤ ሊያባርሩትም ቢሆን ሰው ሊመጣ ነው።

ሦስት ሆነው መጡ። ፊት ለፊት የገባችው ካፒቴን ሐወኒ ናት፤ ረጅም፣ ቁጥብ ሴት። ቀጥላ የመርከቧ ነርስ ሲስተር ብርቄ፣ ትንሽ ፌስታል በደረቷ አቅፋ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው መካኒክ አቶ ዘለቀ፣ ጋቢያቸውን በጠፈር ልብሳቸው ላይ ደርበው። ስንሻው እጁን ሲዘረጋ ሐወኒ እጁን አልፋ አቀፈችው። ብርቄ አቀፈችው። ሽማግሌው አቅፈውት ቶሎ አልለቀቁትም። የሰው ገላ ሙቀት ለካ ረስቶት ኖሯል፤ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ከጭንቅላቱ ጠፋ።

«ጋሼ ዘለቀ» አለ በመጨረሻ፣ «የመጣችሁበትን አውቄዋለሁ። አትጨነቁ። ጥፋቴን አምናለሁ። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ፍልፈሎቹን አቆማለሁ። ከእናቴ ጋር ቃል ተገባብተን ነው። እሷን ብታውቋት አትፈርዱብኝም።»

ሦስቱም ተያዩ። አቶ ዘለቀ ፈገግ ሊሉ ሞከሩና ፊታቸውን ወደ ቆርኪዎቹ መለሱ። «ተራው የማነው?» አሉ።

«የእናና።»

«እንዳለ ይቆይ» አሉ። «ለፍተሻ ነው የመጣነው ልጄ። ማንም አያባርርህም። አሁን እራት እንብላ፣ ትተኛለህ፤ ሥራውን ሲነጋ እናወራዋለን።»

ስንሻው አልተዋጠለትም፤ ግን አሥራ አራት ወር ብቻውን የበላ ሰው ነውና ከሰው ጋር ሲቀመጥ ሆዱ ከዳው። ብርቄ አሁንም አሁንም ታጎርሰዋለች። «ብላ በናትህ» ልትል አፏን ከፈተችና «ብላ» ብቻ ብላ ተወችው። ጠግቦ በላ፣ ሳቀም። ከዚያ የሰው ድምፅ እየሰማ፣ ከመጣ ጀምሮ ተኝቶት የማያውቀውን እንቅልፍ ተኛ።

አቶ ዘለቀ አጠገቡ ተቀምጠው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። ከኮምፒዩተር ጋር ሲያወሩ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚያዩት። «ስማ፣ እዚህ መቼ ነው የሚነጋው?»

«ዳማ በሰባት ሰዓት አንዴ ትዞራለች» አለ ጎረቤት። «በአንድ ቀን ከሦስት ጊዜ በላይ ይነጋል። የትኛውን ንጋት ነው የሚፈልጉት?»

«እሱ በልቶ፣ ጠግቦ፣ ተኝቶ የሚነሣበትን።»

«አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለ ጎረቤት። «ወሬው ከምድር እዚህ ለመድረስ ሃያ ስምንት ደቂቃ ነበር የሚፈጅበት። በእርግጥም ደርሶኛል፤ በዚያው ቅዳሜ። እናንተ ያንኑ ወሬ ይዛችሁ ሠላሳ ስምንት ቀን ተጓዛችሁ። ከእኔ የተለየ ምንም አታውቁም። ለምን እኔ እንድነግረው አልተደረገም?»

«ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም» አሉ ሽማግሌው። «ሲወድቅ ማን ይይዘዋል?»

«ዳማ ላይ እኮ ሰው አይወድቅም።»

አቶ ዘለቀ የስንሻውን ብርድ ልብስ አስተካከሉለትና ጋቢያቸውን ተከናንበው ንጋቱን ጠበቁ።

ስንሻው ሲነቃ ፀሐይ በመስኮቱ ጫፍ ብቅ ብላ ነበር። ሦስቱም አልጋው አጠገብ ቆመዋል። በዚህ ጠዋት ቆሞ የሚጠብቅ ምን ዓይነት ፍተሻ ነው ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። ከዚያ ብርቄን አያት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የለበሰችው። ያቀፈችው ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ንፍሮው ይታያል። ሳህኑ፣ መስመሩ፣ የኔ ጌታ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣበት።

«ማን ነው?» አለ። «እናና ናት?»

«ቻለው ልጄ» አሉ አቶ ዘለቀ። «ቅዳሜ ሌሊት ተኝታ አልነቃችም። አልታመመች፣ አልተሠቃየች። አፈሩ ይቅለላት።»

«እናናዬን!» ብሎ ጮኸ፤ ዘለለም። ደሴ ቢሆን መሬት ላይ ይፈጠፈጥ ነበር። ዳማ ግን የሚፈጠፈጡበት መሬት የላትም፤ ወደ ላይ ተወነጨፈ፣ ጣሪያው መልሶ ወረወረው፣ ግድግዳው ተቀበለው፣ የሚይዘውም የሚመታውም ነገር አጥቶ በአየር ላይ ተገላበጠ። ደረቱን ሊመታ ሲል እጁ ራሱን ያሽከረክረዋል። ሐወኒ እግሯን ከአልጋው ብረት ጋር ቆልፋ ወገቡን ያዘችው። ብርቄ ክንዱን ያዘች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወርውረው ጠቀለሉትና በሁለት እጃቸው ወደ ደረታቸው ሳቡት። «አለን፣ አለን ልጄ፣ ይዘንሃል» ይላሉ። አራቱም አንድ ላይ ተቋጥረው፣ እያለቀሱ፣ በጣም በዝግታ ወደ ወለሉ ወረዱ። ሃያ ሰከንድ ያህል ፈጀ።

ብዙ ቆይቶ፣ ለቅሶው ወደ ሲቃ ሲወርድ፣ ስንሻው «መቼ ነው አርባዋ?» አለ።

«ነገ ነው» አለች ሐወኒ። «ለእሱ ነው ሞተሩን ሳናሳርፍ የመጣነው። አርባዋን ብቻህን አታወጣም።»

ያኔ ጎረቤት ከጣሪያው ተናገረ፤ ድምፁን ከወትሮው ዝቅ አድርጎ። «አቶ ዘለቀ፣ ተሳስቼ ነበር። ዳማ ላይም ሰው ይወድቃል። ወደ ላይ ነው እንጂ።» ቀጥሎም «ስንሻው» አለ፣ «ሠላሳ ስምንት ቀን ይዤው ነበር። ከበደኝ ማለት እንደምችል አላውቅም። ሌላ ቃል ግን አላገኘሁለትም።»

ስንሻው ቀና ብሎ አየው፤ ማለትም ወደ ጣሪያው አየ። ሊቆጣው አልቻለም።

ቀኑን ወለሉ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ንፍሮው ዞረ። ስንሻው ስለ እናና ነገራቸው፤ ለመልሱ ዝም ብላ ስለምትጠብቀው ነገር ሲናገር ብርቄ ደግማ አለቀሰች። ከሰዓት በኋላ ከውጭ በወለሉ በኩል ስልቱን የጠበቀ ንዝረት መጣ። ሐወኒ ደንግጣ ወደ መስኮቱ ሄደች። «ስንሻው፣ ና እይ» አለች።

ፍልፈሎቹ ናቸው። ከአራቱም ማዕዘን፣ ከየጉድጓዳቸው ወጥተው፣ በጥፍራቸው ቀዩን መሬት እየቧጠጡ ወደ ጣቢያው ይመጣሉ። አንቴናው የተነቀለው አራተኛው ሳይቀር፣ ከኋላ እየዘገየ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ተራ በተራ ቆሙ፣ መብራታቸውን አጠፉ፣ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን እሳትም አጠፉ። ማንም ሰው አላዘዛቸውም። ስንሻው አቆማቸውን አየ፤ በር ላይ ተሰብስበው ዝም የሚሉትን የሰፈሩን ሰዎች አስታወሱት።

ማዕከሉ ልብ እስኪል ሃያ ስምንት ደቂቃ፣ ጽሑፉ ተመልሶ እስኪመጣ ሌላ ሃያ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ወይንሸት ናት፦ «ጎረቤት፣ ሰባቱም ፍልፈሎች ለምን ቆሙ? ዛሬ እኮ አሥራ ሁለት አይደለም።»

ጎረቤት የላከው መልስ በሰሌዳው ላይ ታየ፤ አራቱም አነበቡት።

«ለቅሶ ደርሰው ነው። እኔ እጅ ስለሌለኝ እነሱን ላክሁ።»